«ፀሐይ ስላልሞቀች ነው አጥንቷ የተሰበረው?»

ዛሬ ከደሴ፣ ከወልድያና ከኮምቦልቻ ደውላችሁልናል። የሕጻናት ሐኪማችን እንዲህ መልሰዋል።

እናት፣ ከደሴ፦ ልጄ 3 ወሩ ነው። የደሴን ብርድና ጉም ታውቁታላችሁ፤ ውጭ ለማውጣት እፈራለሁ። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ አይበቃውም?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብርዱን መፍራትሽ አይደንቅም። በመስኮቱ ግን ተሸውደሻል። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ያስቀራል። የጡት ወተትም ወደር ባይኖረውም ቫይታሚን ዲው ትንሽ ነው። ጉሙ ሲገለጥ ነፋስ በሌለበት እጅና እግሩን ገልጠሽ ለጥቂት ደቂቃ አሙቂው። ፊቱን ከልዪለት፤ ቆዳው እስኪቀላ አታቆዪው። በጋቢ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥማ ጋቢውን ማሞቅ ነው።

አባት፣ ከወልድያ፦ የ4 ወር ልጃችን ጭኗ አብጧል፤ ስንነካት ታለቅሳለች። ጎረቤቶች «ፀሐይ ስላልሞቀች አጥንቷ ተሰብሮ ነው» ይላሉ። እናቴ ወጌሻ ይጠራ ትላለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስልኩን ዝጋና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት። እንዳትታሽ። እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም አይደርሰውም፤ በዚህ የተነሳ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ስትይዟት እግሯን ደግፉላት።

ወደ ፀሐይዋ ልምጣ። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አንጀት ካልሲየምን በደንብ አይወስድም፤ አጥንት ይለሰልሳል። ሪኬትስ የምንለው ይሄ ነው። የጠናበት ልጅ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ያኔ ግን ራጁ ይናገራል፤ የእጅ አንጓና የጉልበት አካባቢ የአጥንቱ ጫፍ ሰፍቶና ጠርዙ ደብዝዞ ይታያል። ራጁ ደህና ሆኖ በደም ምርመራ ቫይታሚኑ ዝቅ ማለቱ ብቻ ስብራቱን አያስረዳም። ቫይታሚኑ አንሷቸው ምንም ሳይሰበሩ የሚያድጉ ብዙ ናቸው።

ገና ያልዳኸች ልጅ ደግሞ ራሷ ተንቀሳቅሳ አጥንቷን አትሰብርም። ስለዚህ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል፤ ወድቃ ነበር? ማን ይዟት ነበር? ከዘመድ አጥንቱ ቶሎ ቶሎ የሚሰበር አለ? ያለ ቀኗ ነው የተወለደችው? አትቆጡ፣ ማንም ወላጅ የሚጠየቀው ነው። ከአልጋ ወድቃ የያዛት ሰው ፈርቶ ዝም ብሎም ሊሆን ይችላል።

አያት፣ ከኮምቦልቻ፦ የልጅ ልጄ 2 ዓመት ሊሞላው ነው። እርግብግቢቱ አልገጠመም፣ ጥርሱ ዘግይቷል፣ እግሩም ቆልመም ብሏል። የቫይታሚን ዲ ጠብታ ገዝቼ ልስጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ይታይ። በዚህ ዕድሜ እግር ትንሽ ቢቆለመም ብዙ አያስደነግጥም፤ ሦስቱ አብረው ሲመጡ ግን ሪኬትስን እንጠረጥራለን። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕጻን መከላከያው በቀን 400 ዩኒት ነው። የሕክምናው መጠን ይበልጣል፤ ካለፈም ኩላሊት ይጎዳል። ድንገት ካንቀጠቀጠው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።