ውይይቱ ግምገማ እንዳይሆን፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ባልደረቦች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስለሚቀርብ እኔ አልደግመውም። የተሰጠኝን ጊዜ የማውለው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርሱም መምህራን በቡድን ተቀምጠው የገዛ ሥራቸውን የሚመረምሩበት ውይይት ከግምገማ ፈጽሞ መለየት አለበት የሚለው ነው።

“ሪፍሌክሽን” የሚለውን ቃል አንዳንዶቻችን “ነጸብራቅ” ብለን እንተረጉመዋለን። ለእኔ አይጥመኝም፤ መስተዋት ሳይደክም ያንጸባርቃል፣ መምህር ግን ትናንት ክፍል ውስጥ ያደረገውን መለስ ብሎ ሲያየው ይደክማል፣ አንዳንዴም ያፍራል። ስለዚህ የገዛ ሥራን መመርመር ብዬ እጠራዋለሁ።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ምሁር ኩርት ሌዊን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በኮነቲከት ግዛት ኒው ብሪተን ከተማ፣ የዘር መድልዎን ለመቀነስ የሚሠሩ ሰዎችን የሚያሠለጥን ዐውደ ጥናት መርቶ ነበር፤ ከሠልጣኞቹም ብዙዎቹ መምህራንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ነበሩ። ቀን ቀን ሠልጣኞቹ በቡድን ሲወያዩ ታዛቢዎች ማስታወሻ ይይዛሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ አጥኚዎቹ ለብቻቸው ተሰብስበው የታየውን ያነጻጽራሉ። አንድ ምሽት ጥቂት ሠልጣኞች ገብተን እናዳምጥ ብለው ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም። ታዛቢው ከመካከላቸው አንዲቱ ሴት ቀን በቡድኑ ውስጥ ያደረገችውን ሲገልጽ፣ ሴትዮዋ እንዲያ አልነበረም ብላ ተከራከረች፤ እርሷ ያየችውንና ታዛቢው ያየውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በምሽቱ ውይይት የሚገኘው ሠልጣኝ በዛ። ሌዊን በተከታዩ ዓመት በየካቲት ወር ቢሞትም ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት በሜን ግዛት ቤተል ላይ ሥራውን ቀጠሉበት፤ ቡድን በገዛ መካከሉ ከሚሆነው ነገር የሚማርበት ዘዴም በዚያ ጎለበተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ሴትዮዋ “አልነበረም” ማለት መቻሏ ነው። በታዛቢው ማስታወሻ ላይ የተንጠለጠለ የደረጃ ዕድገት አልነበራትም።

በእኛ አገር ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለመምህራን አሠልጣኞች የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አንዱ ምሰሶ ይኸው የገዛ ሥራን መመርመር ነበር። ተሙማ የምንለው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው እንዲያውልና የሠራውን በማህደረ ተግባሩ እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። 60 ሰዓት ጥቂት አይደለም። ሱፐርቫይዘር የሚመጣ ዕለት የሚሞላ፣ ካለፈው ዓመት የተገለበጠ ማህደረ ተግባር አላየሁም የሚል በዚህ አዳራሽ ካለ ግን እጁን ያውጣ። እውነተኛው ወሬ በሻይ ክበቡ ይካሄዳል፤ በቡድኑ ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ሌላ ነው።

ይህን በስንፍና የሚያሳብቡ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከሂስና ግለ ሂስ ዘመን ጀምሮ “ድክመትህን ተናገር” ሲባል ማንንም የማይጎዳ ድክመት አዘጋጅቶ መቅረብን ተምረናል። “በሰዓት አከባበር በኩል ትንሽ ክፍተት አለብኝ” የሚለውን ስንቴ ሰምተነዋል?

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዘወትር በመስኮት እየተመለከተ ስለሚያናድደኝ ልጁን መጥላት እንደ ጀመርኩ በቡድናችን ውስጥ ተናገርኩ። አንዲት አንጋፋ መምህርት ምክር ሳይሰጡኝ፣ “እርሱ በመስኮት ሲመለከት አንተን ምን ይሰማሃል?” አሉኝ። ጥያቄውን ይዤ ክፍል ስገባ ልጁ አልተለወጠም፤ እኔ ግን አያዳምጠኝም ብዬ የምፈራው እርሱን ብቻ ሳይሆን ክፍሉን ሁሉ እንደ ነበር ገባኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ “ተማሪ ይጠላል” የሚል ቃል በሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ማን እንዳደረሰው አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በቡድን የተናገርኩት ስለ ሰዓት አከባበር ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የምንለማመደው መንገድ የሥነ ልቦና ሐኪሙ ማይክል ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በለንደኑ ታቪስቶክ ክሊኒክ ከሐኪሞች ጋር ካካሄደው ውይይት የተወሰደ ነው፤ በዚያ ቡድን ሐኪሙ ስለ በሽታው ብቻ ሳይሆን በእርሱና በሕመምተኛው መካከል ስላለው ነገር ይናገር ነበር። እኛም ከስምንት እስከ ዐሥር ሆነን እንቀመጣለን። አንድ መምህር ያስጨነቀውን ተማሪ ጉዳይ ያለ ጽሑፍ ይናገራል፤ ያልገባን ካለ እንጠይቀዋለን፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ሌሎቻችን ስለ መምህሩም ስለ ተማሪውም የተሰማንን እንናገራለን። እዚህ ላይ የአመቻቹ፣ ማለትም ውይይቱን የሚመራው ሰው፣ ፈተና ይጀምራል፤ ምክር መለገስ ደግነት ሆኖ ስለሚታየን “እኔ ብሆን ኖሮ” የሚለው ዐረፍተ ነገር አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይመጣል። አመቻቹ በጨዋነት ይመልሰው፤ ዝምታ ሲወርድም ለመሙላት አይቸኩል። ማስታወሻም አይያዝ።

በሥልጠናዎቻችን ላይ ስለሚበዙት ጨዋታዎችም አንድ ቃል ልበል። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 የተነተነው የልምድ ትምህርት ዑደት ከድርጊት ተነሥቶ በምርመራና በሐሳብ በኩል ወደ አዲስ ሙከራ ይሄዳል፤ እኛ ግን ኳስ ተወራውረን፣ አጨብጭበን፣ ወደ ምሳ እንሄዳለን።

የሥራ አስፈጻሚው ለዚህ ጉባኤ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው፦ የማኅበራችን አመቻች በሚያመቻችበት ትምህርት ቤት በመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ እንዳይቀመጥ፣ ከቡድኑም የመገኘት ፊርማ እንጂ ቃለ ጉባኤ እንዳይወጣ። የ60ውን ሰዓት ለመቁጠር ፊርማው ይበቃል። ጥቂት መምህራን ብቻ ባሉባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች መዛኙና አመቻቹ አንድ ሰው መሆኑ እንደማይቀር ተነግሮናል፤ ተገቢ ሥጋት ነው፤ መልሳችን አጎራባች ትምህርት ቤቶችን በሚያገናኘው የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች አመቻች ይለዋወጡ የሚል ነው። የመጓጓዣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ገና አልተወሰነም፤ በተለይ ርእሰ መምህራን የሆናችሁ አባላት በዚህ ላይ ያላችሁን ሐሳብና ተቃውሞ ነገ ጠዋት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንድታሰሙን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እያበሠርኩ መድረኩን ለጸሐፊያችን እለቃለሁ።