ርካሹ ክኒን ስንት ያስወጣል?

[ምስል፦ ሁለት ክኒኖች ጎን ለጎን፣ ቀለማቸው የተለያየ]

ተራኪ፦ በሁለቱም ክኒኖች ውስጥ ያለው መድኃኒት ላሞትሪጂን ነው፤ የሚጥል በሽታን ይቆጣጠራል። አንደኛው የመጀመሪያው አምራች ላሚክታል ብሎ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ሲያልፍ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሠሩት ጄኔሪክ ነው፤ ዋጋው በጣም ያንሳል። ታዲያ ርካሹን መግዛት ምን ያከራክራል?

ነገሩን ለመረዳት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1968 እንመለስ። በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ፌኒቶይን የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን በመድኃኒቱ ይመረዙ ጀመር። የታዘዘላቸው መጠን አልተጨመረም። የተለወጠው እንክብሉን የሚሞላው ዱቄት ብቻ ነበር፤ ካልሲየም ሰልፌት ወጥቶ ላክቶስ ገባ። የቀድሞው መሙያ ከመድኃኒቱ ከፊሉን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘው ነበር። ፌኒቶይን ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ጉበት እሱን የማስወገድ አቅሙ ወሰን ላይ ሲደርስ፣ ትንሽ ጭማሪ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ሽቅብ ያስወነጭፈዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ከውድ ወደ ርካሽ መሻገር አልነበረም፣ የመሙያ ለውጥ እንጂ። ፍርሃቱ ግን ከዚያ ወዲህ ጄኔሪክን ሁሉ ተከትሎታል።

[ምስል፦ 80 እና 125 የተጻፈበት መስመር]

የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጄኔሪኩን ከዋናው ጋር ሲያነጻጽር፣ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን ያዛል። ብዙ ሰው ይህን «45 በመቶ ልዩነት ይፈቀዳል» ብሎ ያነበዋል፤ ተሳስቷል። አማካዩ ብቻ ሳይሆን በስሌቱ ዙሪያ ያለው የጥርጣሬ ወሰንም በዚያ ክልል ማደር አለበት። በተግባር አማካይ ልዩነቱ ጥቂት በመቶ ነው።

ይሁን እንጂ በካናዳዋ ኦንታሪዮ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ ጄኔሪክ ላሞትሪጂን ከተሻገሩት ውስጥ 13 በመቶ ያህሉ ወደ ውዱ ተመለሱ። ለንጽጽር በተወሰዱት የሌላ በሽታ መድኃኒቶች ግን የተመለሱት ከ3 በመቶ አይበልጡም። እያንዳንዱ መመለስ የሐኪም ቀጠሮ አለው፤ አንዳንዴም የደም ምርመራ። በብሪታኒያ ደግሞ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አንድ ጊዜ ከጣለው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት መኪና አይነዳም። ቁጠባው ለመድኃኒቱ ለሚከፍለው መድን ይገባል፤ ሥራው መንዳት የሆነ ሰው ግን ጣጣው ከራሱ ኪስ ይወጣል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱ የክኒኑ ነው? በ2016 የታተመው ኢኩዊጄን የተባለው የአሜሪካ ጥናት እርስ በርስ በጣም ይራራቃሉ የተባሉ ሁለት የላሞትሪጂን ጄኔሪኮችን ለሕሙማን እያፈራረቀ ሰጠ። በደማቸው ውስጥ የተገኘው መጠን አልተለያየም። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ክኒናቸው ቀለሙ ሲቀየር መድኃኒቱን የማቋረጥ ዕድላቸው በ27 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። ይህ አያስደንቅም፤ ያላወቀውን ክኒን በእጁ ይዞ «ይህ የእኔ ነው?» የማይል ማን አለ? አምስት ደቂቃ ማስረዳት ሳይከፈልበት ስለሚቀር፣ ክፍያው በኋላ በድንገተኛ ክፍል በኩል ይመጣል።

የብሪታኒያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን በሦስት ከፈላቸው። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታልና ፕሪሚዶን የሚወስድ ሰው ከአንድ አምራች እንዳይወጣ፤ ሌቬቲራሴታም ለሚወስድ ግን ይህ እንደማያስፈልግ፤ ላሞትሪጂንና ቫልፕሮኤት መካከል ላይ፣ ሐኪሙ ከሕመምተኛው ጋር እንዲወስን። በኢትዮጵያ ፌኖባርቢታል በስፋት ስለሚታዘዝ፣ ጥያቄው ከውድ ወደ ርካሽ መሻገር ሳይሆን ከአንዱ ርካሽ ወደ ሌላው ርካሽ መሻገር ነው።

[ምስል፦ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የአምራቹ ስም]

ስለዚህ ያለቀውን ማሸጊያ አትጣሉ፤ ወደ ፋርማሲ ይዛችሁት ሂዱና የአምራቹን ስም አሳዩ። ያው ከሌለ፣ ሌላውን ከመውሰዳችሁ በፊት ፋርማሲስቱ ሐኪማችሁን እንዲያማክር ጠይቁ። አዲሱን ከጀመራችሁ ቀኑን መዝግቡ። ክኒኑ ስላላማራችሁ ብቻ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በድንገት ማቆም ከየትኛውም ቅያሬ የባሰ አደጋ አለው።