አኪታ፦ ታማኝ፣ ግን በራሱ የሚወስን ውሻ

አኪታ ስለተባለው የጃፓን ውሻ ከደወላችሁልን አድማጮች መካከል የሦስቱን ጥያቄ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያዋ ደዋይ፦ «ሃቺኮ የተባለውን ውሻ ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ አኪታ ማሳደግ እፈልጋለሁ። እንደሚባለው ታዛዥ ነው?»

እህቴ፣ ታማኝነቱ አያጠራጥርም። ሃቺኮ እ.ኤ.አ. በ1923 በሰሜናዊ ጃፓን፣ በአኪታ ግዛት ኦዳቴ የተወለደ ሲሆን፣ ጌታው የነበሩት የግብርና መምህር ፕሮፌሰር ሂዴሳቡሮ ኡኤኖ በ1925 በድንገት ካረፉ በኋላ፣ እርሱም በ1935 እስኪሞት ድረስ ወደ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ ጠብቋቸዋል። ታማኝነትና ታዛዥነት ግን ይለያያሉ። የዚህ ዝርያ የቀድሞ ትውልዶች በተራራማው የቶሆኩ ክልል ማታጊ ከሚባሉ አዳኞች ጋር ድብ ያድኑ ነበር፤ አዳኙ እስኪደርስ ድቡን አግቶ የሚያቆይ ውሻ ደግሞ መቼ መጠጋት፣ መቼ ማፈግፈግ እንዳለበት ትእዛዝ ሳይጠብቅ መወሰን ነበረበት። ስለዚህ ሲጠሩት አንድ ጆሮውን ወደ እርስዎ አዙሮ ከተኛበት ሳይነሳ ቢቀር አልገባውም ብለው አይደምድሙ፤ ሰምቷል፣ እያሰበበት ነው። በቁጣና በዱላ እልኸኛ ያደርጉታል እንጂ አያስተምሩትም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ፣ በትዕግሥትና በሽልማት ያለማምዱት።

ሁለተኛው ደዋይ፦ «የሦስት ዓመት ወንድ አኪታ አለኝ። ብዙ አይጮኽም፣ ጨዋ ነው። ሌላ ወንድ ውሻ ባመጣ ይስማማሉ?»

ወንድሜ፣ እኔ አልመክርም። አኪታ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው ግን ሌላውን ውሻ ተቀብሏል ማለት አይደለም፤ በተለይ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው አዋቂ አኪታዎች አብረው ለመኖር ይቸገራሉ። ብዙ ውሻ ከመናከሱ በፊት ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፤ አኪታ ግን ምልክቱ እጅግ ስስ ነው። ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ያን ጊዜ ገመዱን ሳይጎትቱ ፊቱን አዙረው ይዘውት ይራቁ። ወንዱ ከመሬት እስከ ትከሻው 70 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ውሻ ነውና፣ ጠብ ከተነሳ በኋላ ማገላገል ለእርስዎም አደገኛ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ካደጉ ልጆች ጋር ብዙ ጊዜ ገርና ታጋሽ ቢሆንም፣ ሕፃንን ያለ አዋቂ ከእርሱ ጋር ብቻውን መተው ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛዋ ደዋይ፣ ከዱባይ፦ «ሙቀቱ እንዳይጎዳው ፀጉሩን ልላጨው?»

አይላጩት። አኪታ ለበረዶ አገር የተፈጠረ ድርብ ፀጉር አለው፤ የላይኛው ፀጉር ቆዳውን ከፀሐይ ይከልላል፣ ሲላጭም እንደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። የውስጠኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል እንደ ጥጥ እየተነቀለ ይረግፋልና በዚያ ወቅት በየቀኑ ያበጥሩት። ቀን ቀን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይዋል፤ ሲያወጡትም ጎሕ ሲቀድ ወይም ሌሊት ይሁን፣ አስቀድመውም የእጅዎን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፈው ሙቀቱን ይፈትሹ። ዓይኑ ቢቀላ ወይም አፍንጫው አካባቢ ያለው ቀለም መንጣት ቢጀምር ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ በዚህ ዝርያ ላይ የሚታይ፣ ሰውነት የራሱን የቀለም ሕዋሳት የሚያጠቃበት ሕመም ካልታከመ ዓይን ያጠፋል።