በልቶ ይጥገብ

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እየቀዳ ነው።

ሰላም ናችሁ? እንኳን አደረሳችሁ። ዘግይቷል አትበሉኝ፣ እኛ ቤት እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ይቻላል። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ደግሞ፣ አዎ፣ የጎረቤቴ ዶሮ ፋሲካን ተርፏል። እንዴት እንደተረፈ አትጠይቁኝ። ከጮኸ አብረን እንሰማዋለን።

ዛሬ ስለ ስልክ ነበር የማወራው። ቃል ገብቼ ነበር። ይቆይ። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር እየዞረብኝ ነው፣ እሱን ካላወጣሁት ሌላ ነገር አይወጣኝም።

«በልቶ ይጥገብ»ን ታውቁታላችሁ፣ አባዬ ሶደሬ ሙቅ ውሃው ጋ ጦጣ ዳቧችንን ሲወስድብን ያላትን። አዲስ የመጣችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስሙት፣ አልደግመውም። ቲሸርት እናሳትምበት ያላችሁኝም አላችሁ። እና እሁድ ምሳ ላይ ነን፣ ሁላችንም እማዬ ቤት። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። አባዬ በረንዳ ላይ ከአክስቴ ባል ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። የእህቴ ልጅ መጣና ከእኔ ሳህን ላይ እንቁላሌን ብድግ አድርጎ ሮጠ። ያቆየኋትን እንቁላል! እኛም እንደለመድነው በአንድ አፍ «በልቶ ይጥገብ!» አልን። ሳቅ በሳቅ።

እማዬ ሲኒ እያለቀለቀች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም። «ምን ያድርግ ታዲያ፣ መነሳት አቅቶት እኮ ነው» አለች።

ማን? «አባታችሁ ነዋ። ያኔ ሶደሬ። ጉልበቱ ነበራ። ለሱ ብለን አይደል እንዴ የምንሄደው?»

ከዚያ «ፈንዲሻ ጨምሩ» አለች። በቃ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እህቴ ፈንዲሻ ጨመረች፣ እኔ ሲኒዬን ይዤ ቀረሁ።

ለሱ ብለን?

ሶደሬ ማለት ለኔ ልጅነቴ ነው። ሌላ ሰው ስለ ዲዝኒላንድ ሲያወራ እኔ ሶደሬን ነው የማስበው። የፋሲካ ማግስት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ቅዳሜ ጠዋት እንቀሰቀሳለን። ድፎ ዳቦ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ፔርሙዝ፣ እማዬ እግር ስር ፌስታል። ፌስታሏ የኔ ነች፣ መኪና አይስማማኝም። ከቃሊቲ ጀምሮ ሎሚ ይሰጠኛል፣ እያሸተትኩ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ሎሚ ሲቆረጥ ዱከም ይሸተኛል። ዱከም ምንም ሎሚ የለም እኮ፣ ዱከም ያለው ጥሬ ሥጋ ነው፣ ግን አፍንጫዬን ምን ልበለው።

ያኔ ፈጣን መንገዱ የለም። እሱ የተከፈተው በኋላ ነው። አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ሁሉም ነገር በዚያችው በአንዲት መንገድ ነው። ቢሾፍቱ፣ አዳማ በሉኝ እሺ፣ ግን አባዬ ዛሬም ናዝሬት ነው የሚለው፣ እና በጭንቅላቴ ውስጥ የሚነዳው እሱ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና፣ ተሳቢው፣ ቦቴው፣ አህያው፣ ጋሪው፣ መሀላቸው የኛ ዲኤክስ። ሂድ፣ ቁም። ሂድ፣ ቁም። አባዬ ሊቀድም ሲወጣ እማዬ የሌለ ፍሬን በእግሯ ትረግጣለች።

እና ይቆም ነበር። ይህን አሁን ነው ያስታወስኩት። ደብረ ዘይት ላይ ይቆማል። ሞጆ ላይ ይቆማል። ወርዶ መኪናዋን ይዞራታል። ጎማ በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ኮፈኑን ተደግፎ ትንሽ ይቆማል። እኛ ኋላ ወንበር ላይ «የጎማ ሐኪም መጣ» እያልን እንሳሳቃለን። እማዬ አትስቅም። ለምን አትስቅም ብዬ አስቤ አላውቅም፣ እማዬ መኪና ውስጥ በምንም አትስቅም ነበር።

ቆይ፣ ወደ ሶደሬው ልሂድ።

የማታውቁት ካላችሁ፣ ከናዝሬት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽ ዳር። ውሃው ከመሬት ሙቅ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አካባቢው ስምጥ ሸለቆ ነዋ። ትልቅ መዋኛ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ጦጣ አለ፣ ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። አዞው የእማዬ ዋና ርዕስ ነው። ወደ ወንዙ ፊታችንን ካዞርን «አዞ!» ነው። አባዬ ግን ወንዙን ያስተምረናል። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው ይለናል። ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል፣ ያን ሁሉ አገር ያጠጣል፣ መጨረሻው አፋር፣ አቤ ሐይቅ። እዚያው ያልቃል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ ወንዙ አሳዘነው። አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው፣ ይህን ክፍል እንደማይሰማ ተስፋ አለኝ። ይሰማል። ሰላም ወንድሜ።

እሺ፣ ጦጣው።

አባዬ ሙቁ ውሃ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል። እግሮቹ ውሃው ውስጥ ናቸው። ሰዓቱን ፈትቶ ለኔ ሰጥቶኛል። ያቺን ወርቃማ መሳይ ሰዓት። ማሰሪያዋ ሰፊ ስለሆነ እጄ ላይ አይቆምም፣ ክንዴ ላይ እስከ ብብቴ ድረስ ገፍቼዋለሁ። ማሰሪያው ፀጉር ይነቅላል፣ የእጁን ፀጉር ማለቴ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ አንዷ ፀጉር ተሰክታ ቀርታ ነበር። ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ። አጠገቤ የዳቦው ፌስታል አለ። ጦጣው ከየት እንደመጣ አላየሁም። እጁን ግን አይቻለሁ። ጥቁር ነው፣ ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ፌስታሉን የያዘው በሰው አያያዝ ነው። ተያየን። ጮህኩ። እማዬ ጮኸች። እህቴ ከመዋኛው እየሮጠች መጣች። አባዬ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አንገቱን ብቻ አዞረ። እና «ተወው፣ በልቶ ይጥገብ» አለ።

ይኸው ነው። ቀልዱ ይኸው ነው። ጦጣው ዛፍ ላይ ሆኖ ድፎውን እየቦጨቀ ይወረውርልናል፣ አባዬ ደግሞ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ኩራቱ! ምንም የማይደንቀው ሰው! ይህን ስናወራ ነው ያደግነው። ቤታችን ውስጥ ሰው ገንዘብ ሲያጭበረብረን፣ መብራት ሲጠፋ፣ የኔ ያ ሰውዬ (ታውቁታላችሁ) ጥሎኝ ሲሄድ፣ አባዬ ደውሎ ያለኝ ያንኑ ነው። በልቶ ይጥገብ።

እና አሁን እማዬ መነሳት አቅቶት ነው ትለኛለች።

መልሼ ሳየው… ፊቱን ልየው እላለሁ፣ አልመጣልኝ አለ። ሰዓቷ ትመጣልኛለች፣ የጦጣው ጣት ይመጣልኛል፣ የአባዬ ፊት የለም። አንገቱ ሲዞር አለ፣ ፊቱ የለም። እጁስ የት ነበር? ጠርዙን ይዞ ነበር? ይዞ ከነበረ፣ ሊነሳ ሞክሮ ነበር ማለት ነው? ወይስ ዝም ብሎ ይዞት ነው? ሰው ገንዳ ዳር ሲቀመጥ ጠርዙን ይይዛል እኮ። እኔም እይዛለሁ።

ሌሊት አልበሙን አወጣሁት። ሶደሬ ላይ አባዬ ያለበት ፎቶ ሁሉ ላይ ተቀምጧል። ወይም መኪናዋን ተደግፏል። ሁሉም ላይ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ከዚያ ደግሞ የአጎቴን ፎቶዎች አየሁ። እሱም ተቀምጧል። ያኔ አባቶች ይቀመጣሉ፣ እናትና ልጆች ይቆማሉ። የዚያ ዘመን ፎቶ እንደዛ ነው። ስለዚህ ምንም ማስረጃ አይደለም። አንድ ጊዜ ከጀመርክ ግን ሁሉም ነገር ማስረጃ ይመስላል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ለጉልበቱ ከሆነ ለምን ሶደሬ? ፍልውሃ አለ አይደል፣ መሀል ከተማ! አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ያንን ሙቅ ውሃ ወደውት አይደል? ከኛ ቤት በታክሲ ይደረሳል። ሄዶ ተነክሮ ለምሳ ይመለሳል። እማዬን ይህን ጠየቅኳት። «ፍልውሃማ ወረፋ አለው» አለች። ወረፋ! ወረፋ ጠልቶ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው አለ?

ደግሞ የትኛው ጉልበት ነው ብላት የግራው ነው አለች። ግራ! መኪና የምትነዱ አሁን ገብቷችኋል። የግራ እግር ፍሪሲዮን ነው፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚረገጠው። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ተሳቢ መሀል፣ ሂድ ቁም፣ ሂድ ቁም፣ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ፍሪሲዮን እየረገጠ ሄዶ ጉልበቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ማታ ደግሞ እየረገጠ ይመለሳል። ይህ ሕክምና ነው? እንዴት ያለ ሕክምና ነው?

ስለዚህ ለኛ ነው ማለት ነው። ጉልበቱ ሰበብ ነው። እማዬ ለነዳጁ እንዳትናገር «ለጉልበቴ ነው» ብሏት ይሆናል። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ፣ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ረቡዕ ጠዋት ግን፣ ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ አይ፣ ምናልባት ፍልውሃ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ይሆናል አልኩ። እያነከሰ። የመሥሪያ ቤት ሰው እንዳያየው። ያኔ ደግሞ እኛ ነን ሰበቡ። ልጆች ሽርሽር ወስጄ ነው ይላል፣ ማን ይጠይቀዋል?

አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል። ሁለቱም አይሆንም።

ላንጋኖ የሄድንባትን ጊዜ ነግሬያችኋለሁ? ውሃው ቡናማ ነው፣ ቢልሃርዝያ የለበትም፣ ይዋኝበታል ብለው የአባዬ ጓደኞች መክረውት። እማዬ አንድ ጊዜ አየችውና «በዚህ ውሃ ልጆቼን? ታጥበው አይደል እንዴ የመጡት» አለች። ቀኑን ሙሉ መኪና ጥላ ስር ተቀምጠን ተመለስን። ዝዋይ ላይ አሣ በላን፣ መቂ ላይ ቲማቲም ገዛን። ይህን ያነሳሁት ለምን ነበር… አዎ፣ ላንጋኖ ሙቅ ገንዳ አልነበረም፣ ለጉልበት ምንም የለውም። ግን ወስዶናል። ይህ ለኛ ነው ለሚለው አንድ ነጥብ ነው። ነጥብ እየቆጠርኩ ነው አሁን፣ ተመልከቱኝ።

ራሱን አትጠይቂውም? ትላላችሁ። ደወልኩ እኮ።

«አባዬ፣ ሶደሬ ትዝ ይልሃል?»

«ሶደሬ! ያኔ ነዳጅ ስንት ነበር መሰለሽ?» ነገረኝ። ስለ ነዳጅ ነገረኝ። ስለ ዘይት ነገረኝ። ያቺን ዲኤክስ በስንት እንደሸጣት፣ አሁን ብትኖር ስንት እንደምታወጣ፣ የገዛት ሰውዬ እንዴት እንደሸወደው። አሥር ደቂቃ።

«እና አባዬ፣ እግርህን ያምህ ነበር ያኔ?»

ዝም አለ። ትንሽ። ወይ መስመሩ ነው፣ ኔትወርክ ይሆናል።

«እናትሽ ናት?» አለ። ከዚያ «በይ እሺ፣ ዜና ሊጀምር ነው።»

ዜናው ሊጀምር ገና ሃያ ደቂቃ ነበረው።

እህቴ ደግሞ ምን አለችኝ? ይህን ሁሉ ስነግራት ሳቀች። «በልቶ ይጥገብ» ያለው አባዬ አይደለም አለች። ዘበኛው ነው አለች! የግቢው ዘበኛ። አባዬ ደገመው እንጂ። ዘበኛ? ምን ዘበኛ? በኔ ሶደሬ ውስጥ ዘበኛ የለም። ለወንድሜ ጻፍኩለት። በድምፅ መለሰልኝ። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ ይላል። «አንቺማ ታለቅሺ ነበር» አለኝ። አባዬ ደግሞ ተነስቶ ጫማ ወርውሯል፣ ስቷል፣ ከዚያ ነው ያንን ያለው። ተነስቶ!

ግን ያቺ ፀጉር… ማሰሪያው ላይ ያየኋት… እሱን ከየት አመጣሁት?

እህቴ ግንቦት ውስጥ ሶደሬ እንውሰዳቸው እያለች ነው። እማዬ «ያንን ሙቀት አልችልም» ብላለች። አባዬ ሌላ ሰው በነዳው መኪና አይሄድም፣ ታውቁታላችሁ። የእህቴ መኪና ግን አውቶማቲክ ነች። ፍሪሲዮን የላትም። ስለዚህ ምናልባት እሱ ይነዳና እኔ ከኋላ ሆኜ… ምን? ጉልበቱን ልይ? ቆሞ ጎማ ከመታ ምን ልል ነው?

ቆይ፣ ስልኬ ነው። ወንድሜ። ሌላ ድምፅ ልኳል። ሰባት ደቂቃ? ሰባት ደቂቃ ሙሉ ምን ሊለኝ ነው…