እምቦጭን የሚያውቅ ሰው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል። ከጣና በላይ ደምቃ የምትታየው፣ እንደ ሌሎቹ ብልጭ ድርግም የማትለው ጁፒተር ናት። የድሮ መጻሕፍቶቻችን ሙሽተሪ ይሏታል። የማወራችሁ ስለ እሷና ስለ ጨረቃዎቿ ነው። በተለይ ደግሞ ስለ አንዲት መንኮራኩር መጨረሻ። ይህን ታሪክ ከባሕር ዳር ሰው የበለጠ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም።

መንኮራኩሯ ጋሊልዮ ትባላለች። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ናሳ በ1989 አመጠቃት፤ ጁፒተር የደረሰችው በ1995 ነው። ስድስት ዓመት መንገድ! ገና መንገድ ላይ እያለች ችግር ገጠማት። ዋናው አንቴናዋ የሄደው እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ነበር። ተከፈት ሲሉት እምቢ አለ። መሐንዲሶቹ ወደ ፀሐይ እያዞሩ አሞቁት፤ ወደ ጥላ እያዞሩ አቀዘቀዙት። አልሆነም። እዚያ ድረስ ሄዶ በእጁ የሚያላቅቀው ሰው የለም። ስለዚህ በትንሿ አንቴና ሊሠሩ ወሰኑ። መረጃው ጠብ ጠብ እያለ ነበር የሚመጣው። ያን ትዕግሥት ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

ትልቁ ነገር የተገኘው እንግዲህ በዚያ ጠብታ ነው። ዩሮፓ የምትባለው ጨረቃ ከእኛዋ ጨረቃ ትንሽ ታንሳለች። ላይዋ በሙሉ በረዶ ነው። ጋሊልዮ በአጠገቧ ስታልፍ የማግኔት መለኪያዋ አንድ ነገር አነበበ። የጁፒተር ማግኔታዊ ኃይል ዩሮፓን ሲያገኛት፣ ከውስጥ መልስ የሚሰጥ ነገር አለ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር። ደረቅ በረዶ እንዲህ አያደርግም፤ ጨዋማ ውሃ ግን ያደርጋል። ከበረዶው ሥር ውቅያኖስ ሳይኖር አይቀርም ማለት ነው። የሳይንቲስቶቹ ግምት ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ውሃ እጥፍ ያህል ነው። ጣናችን ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። የዚያኛው ጥልቀት በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል።

በ2003 የጋሊልዮ ነዳጅ ወደ ማለቁ ደረሰ። ዝም ብለው ቢተዋት አንድ ቀን ዩሮፓ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ከምድር ስትነሳ ደግሞ ከጀርም ሙሉ በሙሉ አልጸዳችም። አብሯት የሄደ ረቂቅ ተሕዋስ ያን ውሃ ቢያገኝስ? ስለዚህ ሴፕቴምበር 21 ቀን፣ አውቀው ወደ ጁፒተር ሰደዷት። በሰከንድ 48 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገች ገብታ ጠፋች። ሳተርንን ስትዞር የኖረችው ካሲኒም በ2017 እንዲሁ ሆነች፤ የሳተርንን ጨረቃዎች ታይታንንና ኤንሴላደስን ለመጠበቅ ሲባል።

ይህን እዚህ፣ ለእናንተ የምናገረው እምቦጭን ስለምታውቁት ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ሐምራዊ አበባው ያምራል። በእኛ 2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ ታንኳ አላሳልፍ አለ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ልነቅል ገብቻለሁ። ውሃው እስከ ጭኔ፣ ጭቃው እግሬን ይዞ አይለቅም። አገዳው እንደ ስፖንጅ ያበጠ ነው። አንዱን ስስበው ሥሩ እንደ ጥቁር ጸጉር ተንዠርግጎ መጣ፤ ጎረቤቶቹንም አስከተለ። ያ ያጸዳነው ቦታ ከወራት በኋላ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ጠበቀኝ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያላ! አንዴ የገባን ነገር ማስወጣት ምን እንደሆነ እናውቃለን። እነዚያ ሰዎች ግን ማንም በዓይኑ ያላየውን ውሃ፣ ገና ምንም ሳይገባበት ጠበቁት። ልቤን የሚነካው ይሄ ነው።

አሁን ሁለት መንኮራኩሮች መንገድ ላይ ናቸው። በ2023 የተነሳችው የአውሮፓዎቹ ጁስ በ2031 ትደርሳለች። በ2024 የተነሳችው የናሳ ዩሮፓ ክሊፐር ደግሞ በ2030። ክሊፐር ዩሮፓ ላይ አታርፍም፤ 50 ጊዜ ያህል በአጠገቧ እያለፈች ታጠናታለች። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ያኔ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ትደርሳላችሁ። የሚመጣውን መረጃ ለማንበብ ሂሳብና ፊዚክስ ያዙ።

ቴሌስኮፑ ዋርካው ሥር ተተክሏል። ልጆች ይቅደሙ። ከጁፒተር ግራና ቀኝ በመስመር የተደረደሩ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ጨረቃዎቹ እነሱ ናቸው። ቱቦውን በእጅ አትንኩት፣ ይንቀጠቀጣል። ኑ፣ እንጀምር።