«ሌሊት ቢነሳስ?»፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና እሳት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄ በዝቶልናል። ዛሬ የደወሉት ሦስቱም አድማጮች ከሰሜን ሸዋ ናቸው።

አድማጭ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ልጄ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ግቢያችን ያሳድራታል። ቆማ የነበረች መኪና ስትንቦገቦግ በስልክ አሳይተውኝ እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ተኝተን ቢነሳስ?

ባለሙያው፦ እማማ፣ ያዩት የደቡብ ኮሪያውን ሳይሆን አይቀርም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢንቾን ከተማ፣ ቻርጅ ላይ ያልነበረች መኪና ከመሬት በታች ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሳት ተነሥቶባት ብዙ መኪና አስከትላ ነደደች። እውነት ነው። ከጣሪያው ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ተዘግቶ እንደነበር ግን ቪዲዮው አይነግርዎትም። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ6 መቶ ሺህ በላይ ከሆኑት የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ) መኪኖች የተቃጠሉት 23 ናቸው፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ደግሞ 3 ሺህ 400 ገደማ። የኤሌክትሪኮቹ አዲስ መሆናቸው እንደረዳቸው አልክድም። ቢሆንም ቤንዚን የጫነ ቦቴ በደጃችን ሲያልፍ ማን ይደነግጣል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሆኖብን ነው።

እኔ ብሆን የምፈራው የቤቱን ሽቦ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ እንጀራው ሲያልቅ ግን ይነቀላል። መኪናዋ ያንን የሚቀራረብ ኃይል ሌሊቱን ሙሉ ትስባለች። ገመዱ ቀጭን ማራዘሚያ ከሆነ፣ ይባስ ብሎ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ ግሎ ግሎ ይቀልጣል። ዛሬ ማታ ቻርጅ በተጀመረ በሰዓቱ የሶኬቱን ፕላስቲክ ዳበስ ያድርጉት። ለብ ካለ ግድ የለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎት፣ ልጅዎን ቀስቅሰው ከቆጣሪው ያስጠፉት። ነገ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን ወፍራም መስመር ከነግራውንዱ ያስዘርጋ።

ሹፌር፣ ከደብረ ሲና፦ ከጣርማበር ቁልቁል ስወርድ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ አያለሁ። በዝቶበት አይፈነዳም?

ባለሙያው፦ አይፈነዳም፣ ወንድሜ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይሠራል፤ ባትሪው ሲበቃው ኮምፒውተሩ ያቆመዋል። ደብረ ብርሃን ጢም አድርገህ ብትሞላም እንኳ ጣርማበር እስክትወጣ የሚጎድልብህ፣ ቁልቁለቱ ከሚመልስልህ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አንተ መጠንቀቅ ያለብህ ከድንጋይ ነው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። ኮረኮንች ላይ ሆዷን ጓ! ካደረጋት ዝም ብለህ አትንዳ፤ የተጎዳ ባትሪ ያን ጊዜ ምንም ሳይመስል ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ጋራዥ አሰቅላትና ሥሯን አሳይ።

አድማጭ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ከተነሣስ? አፈር ብንበትንበት ይጠፋል?

ባለሙያው፦ አይጠፋም። ባትሪው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ሴል ከሚባሉት፣ አንዷ ስትግል ጎረቤቷን ታግላለች፣ ያችም ቀጣይዋን። አፈሩ ነበልባሉን ይሸፍን ይሆናል እንጂ ሙቀቱን አያወጣም። የሚያበርደው ውሃ ነው፤ እሱም በሺህ ሊትር የሚቆጠር፣ ለባልዲ የሚሆን ሥራ አይደለም። ከሥሯ ነጭ ጭስ ሲወጣ ካያችሁ እንፋሎት እንዳይመስላችሁ፤ መርዝ ነው፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሰዎቹን አውጡና ጭሱ ወደማይነፍስበት ራቁ። እሳት አደጋ ስትጠሩ የኤሌክትሪክ መኪና መሆኗን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጠፋች ብላችሁም ጎትታችሁ ከሌሎች መኪኖች ጎን እንዳታቆሟት፤ ከቀናት በኋላ እንኳ ተመልሳ ልትነሣ ትችላለች።