በናስትሮ የተጠቀለለ ቻርጀር ምን ያህል ያዛልቃል?

ዛሬ መስመር ላይ የገቡ አድማጮች ስለተላጠ የላፕቶፕ ገመድ ጠይቀዋል። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያችን እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው፣ ተማሪ ነኝ። የቻርጀሬ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ከሚሰካው ጫፍ አጠገብ ተልጦ ሽቦው ወጥቷል። ጠምዘዝ ሳደርገው ቻርጅ ያደርጋል፣ ስለቀው ያቆማል። በናስትሮ ጠቅልዬዋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ወንድሜ። በመጀመሪያ ግን የትኛው ገመድ እንደሆነ እንለይ። ከሶኬት እስከ ጥቁሩ ሳጥን ያለው 220 ቮልት የሚያልፍበት ነው። ሰው ይገድላል። ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ 19 ወይም 20 ቮልት ነው። ያንተ ይሄኛው ነው፤ ነዝሮ አይጥልህም። ታዲያ እፎይ እንዳትል፤ የዚህኛው ጣጣ ሙቀት ነው። ባለ 65 ዋት ቻርጀር በ19 ቮልት ከ3 አምፒር በላይ ይልካል። ውስጡ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች ገመዱ በታጠፈ ቁጥር ይበጠሳሉ። የተረፉት ጥቂቶች ያንኑ ከረንት ብቻቸውን ሲሸከሙ ይግላሉ። ብዙዎቹ ገመዶች ደግሞ አንዱን ሽቦ መሃል አድርገው ሌላውን ዙሪያውን የጠመጠሙ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ስስ ፕላስቲክ ከተቀደደ ሾርት ያደርጋል። ናስትሮ የተበጠሰ ክር አይቀጥልም። ሲሞቅም ሙጫው ይላቀቅና ይንሸራተታል። ጥገና ቤት ውሰደው፤ የተበላሸውን ቆርጠው በስታኞ ይበይዱልሃል። እስከዚያው አልጋ ላይ ሰክተህ እንዳትተኛ።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ። የልጄ ላፕቶፕ ገመድ የተላጠው በሶኬት በኩል ነው። እሱንም ማስበየድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እናቴ። እሱ አይጠገንም፣ ይጣላል። በአብዛኞቹ ቻርጀሮች ይህ ገመድ ከሳጥኑ ላይ ተነቅሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ሙሉ ቻርጀር መግዛት አይጠበቅብዎትም፣ ገመዱን ብቻ ይቀይሩ። ሲነቅሉት ግን መጀመሪያ ከግድግዳው ይሁን። ባለ ሦስት እግር ከሆነም በባለ ሦስት ይተኩት፤ ሦስተኛው የመሬት መስመር ነው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስልዎት፦ የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2014 እየጋለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል የተባለን ይህንኑ ዓይነት ገመድ በሚሊዮኖች ከደንበኞቹ መልሶ ሰብስቧል።

ጥያቄ፦ ቻርጀሬን ሳጥኑ ላይ ጥብቅ አድርጌ ነው የምጠመጥመው። ይጎዳዋል?

መልስ፦ በደንብ! ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርፌስ ፕሮ የተባሉ ኮምፒውተሮቹን ገመዶች መልሶ የሰበሰበው፣ በተደጋጋሚ ሲጠመዘዙና ጠብቀው ሲጠቀለሉ ስለሚበላሹና ስለሚግሉ ነበር። ሰፋ አድርገህ ጠቅልል፤ ከሳጥኑ መውጫ ላይ አትጠፈው። ስትነቅልም ጫፉን ያዝ እንጂ ገመዱን አትጎትት።

ጥያቄ፦ ሌላ ቻርጀር ስገዛ ምኑን ልይ?

መልስ፦ ጀርባው ላይ የተጻፈውን። ቮልቱ ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን። ትርፍ አምፒር አይጎዳም፤ ላፕቶፑ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚስበው።